አሮጌ ከርነል ያለው ሰርቨር ካርዱን ለቨርቹዋል ማሽን አላስረክብ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በኮምቦልቻ መጋዘኖች የተሽከርካሪ ሚዛን የሚያነብ አሮጌ የዊንዶውስ ፕሮግራም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንዲቀጥል ከተፈለገ፣ ሚዛኑ የተሰካበት የሲሪያል ካርድ ከዋናው ሲስተም ተነጥሎ በቀጥታ ለዚያ ማሽን መሰጠት ይኖርበታል። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ሴንትኦኤስ 6 (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ 2.6.32) ወይም ሴንትኦኤስ 7 (ከርነል 3.10) ከሆነ፣ ለአዲስ ከርነል የተጻፈን መመሪያ እንዳለ መከተል ያሳስታል። ካርድን ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስረክበው ቪኤፍአይኦ (VFIO) የተባለው አዲሱ ዘዴ ወደ ሊኑክስ የገባው በከርነል 3.6፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በሴንትኦኤስ 6 «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ብልሽትን አያመለክትም፤ እዚያ የሚያገለግለው የኬቪኤም (KVM፣ የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) የቀድሞ ዘዴ ሲሆን ካርዱን ከድራይቨሩ የሚረከበውም ፒሲአይ ስተብ (pci-stub) የተባለው ቦታ ያዥ ድራይቨር ነው።

ማሽኑ ያለ ካርዱ በደንብ ተነሥቶ ካርዱ ሲጨመርበት አይኦኤምኤምዩ (IOMMU፣ መሣሪያዎች የሚደርሱበትን ሜሞሪ የሚቆጣጠረው ክፍል) የለም ብሎ ከቆመ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቪቲ-ዲ (VT-d፣ የኢንቴል አይኦኤምኤምዩ) አለመከፈቱ ነው። ማሽን ለማስነሣት ቪቲ-ኤክስ (VT-x፣ የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ) ይበቃል፤ ካርድ ለማስረከብ ግን ቪቲ-ዲ ያስፈልጋል፤ በባዮስም ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይከፈታሉ። ሲሠራ የቆየው ማሽን መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ይህን ምልክት ካሳየ፣ በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን ባትሪ እንዲመረምሩ እመክራለሁ፤ ባትሪው ካለቀ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለሚመለስ ቪቲ-ዲም ሊዘጋ ይችላል። ባትሪውን ቀይረው ቪቲ-ዲን ይክፈቱ። ከዚያም የኢንቴል አይኦኤምኤምዩን የሚያበራው ቅንብር በግሩብ (GRUB፣ ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም) የከርነል መስመር ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። በመነሻ መልእክቶች ውስጥ «ዲማር» (DMAR፣ ባዮሱ ስለ አይኦኤምኤምዩ የሚሰጠው ሰንጠረዥ) የሚለው ስም ብቻውን መታየቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰንጠረዡ መነበቡን እንጂ አይኦኤምኤምዩው መብራቱን አይገልጽምና።

ከሁሉ የሚያደክመው ካርዱ ከሌላ መሣሪያ ጋር የማቋረጫ መስመር (interrupt፣ መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) እንደሚጋራ የሚገልጸው ስሕተት ነው። የቆዩ የፒሲአይ ሲሪያል ካርዶች የራሳቸውን ማቋረጫ በየግል መዝጋት ስለማይችሉ፣ መስመሩ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያንም የሚያገለግል ከሆነ ከርነሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ ሊሰጠው አይችልም። የማቋረጫዎችን ዝርዝር ከፍተው የካርዱን ቁጥር ማን እንደሚጋራው ይመልከቱ፤ ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍተው ካርዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ ያዛውሩ። ሌላ ማስገቢያ ከሌለ፣ የማይፈለገውን ተጋሪ መሣሪያ ከባዮስ መዝጋት ወይም ድራይቨሩን ማውረድ ይቻላል፤ ኪቦርዱ በዚያው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ላይ ከሆነ ግን አስቀድመው በኔትወርክ የሚገቡበትን መንገድ ያዘጋጁ።

በሴንትኦኤስ 7 በቪኤፍአይኦ ሲሠራ ደግሞ ቡድኑ (አይኦኤምኤምዩው እርስ በርሳቸው ሊነጥላቸው የማይችላቸው መሣሪያዎች) ለማስረከብ ብቁ አይደለም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም በዚያው የአይኦኤምኤምዩ ቡድን ውስጥ ያለ ሌላ መሣሪያ አሁንም በዋናው ሲስተም ድራይቨር መያዙን ያሳያል። የቡድኑን መሣሪያዎች በሙሉ ከድልድዮቹ (የፒሲአይ መስመሮችን ከሚያገናኙት ክፍሎች) በቀር ለቪኤፍአይኦ ያስረክቡ፣ ወይም ካርዱን ያዛውሩ። ቡድኖችን በኃይል የሚከፋፍለውን ከዋናው ከርነል ውጭ የሆነ ማሻሻያ የሒሳብ መዝገብ ባለበት ሰርቨር ላይ አልደግፍም፤ በመሣሪያዎቹ መካከል የሌለ መነጣጠል እንዳለ አድርጎ ስለሚያስቆጥር፣ ከአንዱ ማሽን የተነሣ ስሕተት የሌላውን ሜሞሪ ሊነካ ይችላል።