በማያውቁት ሐይቅ ዓሣ የሚገኝበትን ቦታ መለየት፦ ከጣና ዳርቻ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነፋስ ውኃውን ከላይ እስከ ታች ስለሚያናውጠው፣ በጥልቅ ሐይቆች እንደሚታየው ሙቁ ከቀዝቃዛው ለረጅም ጊዜ ተለይቶ አይቀመጥም። ስለዚህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዓሣ ፍለጋ የሚወጣ እንግዳ ጥልቁን ከማሳደድ ይልቅ ዳሩን፣ ወለሉንና ወቅቱን ቢያጠና ይሻለዋል።

በቅድሚያ የሚፈለገው የዓሣ ዓይነት መታወቅ አለበት። ቆሮሶ በደንገልና በሌሎች የውኃ ዕፅዋት ዳር መኖርን ይመርጣል፤ ምግቡም መጠለያውም በዚያ ይገኛሉ። በጥቅጥቁ ደንገል መካከል ከመግባት ይልቅ ዕፅዋቱ ከገላጣው ውኃ ጋር የሚዋሰኑበትን መስመር እየተከተሉ፣ በተለይ ወደ ውስጥ የሚገቡ ክፍተቶችን መፈተሽ ያዋጣል። ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውኃ፣ ወለሉ ላይ ክብ ጎድጓዶች ከታዩ ወንዱ ቆሮሶ ለመራባት የቆፈራቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውን ስፍራ ትቶ ማለፍ ተገቢ ነው። አምባዛ ግን ጭቃማ ወለል ይወዳል፤ አየርም መተንፈስ ስለሚችል ሌሎች ዓሦች በማይመቻቸው ውኃ ይኖራል፣ የሚመገበውም በአብዛኛው በሌሊት ነው።

ነጭ ዓሣ በሚባለው ወገን ያሉ በርካታ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ተሰብስበው እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። በዚህ ወቅት ቦታውን ማግኘት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና ተፋሰስ በቀር የትም የማይገኙ በመሆናቸው፣ በእኔ አስተያየት በእነዚህ ወራት በወንዝ አፍ መረብ መጣል ነገ የሚያዘውን ዓሣ ዛሬ እንደ መጨረስ ነው።

የወለሉን ዓይነት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ጫፍ ድንጋይ ታስሮ የድንጋዩ ሥር ሞራ ይቀባል፤ ሲወጣ አሸዋ ወይም ጭቃ ተጣብቆበት ይታያል፣ ምንም ካልያዘም ወለሉ ምናልባት ድንጋያማ ነው።

ወፎችም ይጠቁማሉ፤ ሆኖም ምልክቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሻላዎች በገላጣው ውኃ ላይ በቡድን ሆነው አንገታቸውን ደጋግመው ሲነክሩ በሥራቸው ትናንሽ ዓሦች እንዳሉ ይገመታል። ዓሣ በሚራገፍበት ዳርቻ ቆመው ከታዩ ግን የሚጠብቁት የተጣለውን አንጀት ስለሆነ ስለ ሐይቁ የሚነግሩት ነገር የለም።

ጠዋት ውኃው በአብዛኛው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ባሕር ዳር እየበረታ ማዕበል ሊያስነሣ ስለሚችል በትንሽ ታንኳ የሚሄድ ሰው ቀድሞ መመለስ ይኖርበታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ የአካባቢውን አጥማጆች ሳይጠይቁ መጠጋት አይገባም።

ዓሣ የተገኘበት ቦታ እንዳይጠፋ፣ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ የዘጌ አንድ ረጅም ዛፍና ከበስተኋላው ያለ ጉብታ፣ በአንድ መስመር ላይ ሆነው የሚታዩበት ይያዝ፤ በሌላ አቅጣጫም ሁለት ምልክቶች በተመሳሳይ መንገድ ይመረጡ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ያው ቦታ ነው።