ባዮጋዝን ለማብሰያና ለመብራት እንዴት እንጠቀምበት?

ማብላያው፣ ማለትም እበትና ውሃ ገብቶበት ጋዝ የሚሠራው የታሸገ ጉድጓድ፣ ተገንብቶ አልቋል፣ ቧንቧው ኩሽና ድረስ ተዘርግቷል፣ ምድጃውም ቦታውን ይዟል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የግንበኛው ሳይሆን የእናንተ ነው። ብዙ ሰው ባዮጋዝ ሲያስገባ ስለ ግንባታው ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ጋዙን በየቀኑ እንዴት እንደሚይዘው በደንብ የሚያሳየው ሰው አያገኝም፣ ከዛ ወራት አልፈው ጋዙ ሲያንስበት ወይ ድስቱ ሲጠቁርበት ተመልሶ ወደ ማገዶው ይሄዳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ችግር እዛው ቤት ውስጥ በደቂቃዎች የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ያዙት

1 ኪሎ ትኩስ የከብት እበት በግምት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ስለዚ በቀን 30 ኪሎ ብታስገቡ ሺህ ሊትር ወይም 1 ሜትር ኩብ አካባቢ ታገኛላችሁ ማለት ነው። አንድ የቤት ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ይበላል፣ አንድ የጋዝ መብራት ደግሞ ከ100 እስከ 150 ሊትር። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ መብራት ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ከበራ አንድ ሰዓት ወይ ከዛ በላይ ሊያበስል የሚችለውን ጋዝ ጨረሰው ማለት ነው። የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ጋዙ ለምድጃ ይሁን፣ መብራቱ ከተረፈ ብቻ። ሶላር ወይ ሌላ መብራት ካላችሁ የጋዙን መብራት ለክፉ ቀን አስቀምጡት።

የማብላያው አመጋገብ

እበቱንና ውሃውን እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ አንድ ባልዲ እበት ካለ አንድ ባልዲ ውሃ። እበቱ ደረቅ ከሆነ ውሃው ይጨመር። በእንጨት ወይ በእጅ እየፈጫችሁ እንክብሉ እስኪጠፋ በደንብ አሹት፣ ገለባውን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ከላይም ከታችም ልቀሙ። አሸዋ ታች ይዘቅጥና ቦታ ይይዛል፣ ገለባ ደግሞ ላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል፣ ጋዙም ሽቅብ መውጣት ያቅተዋል። የሳሙና ውሃ፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ የተባይ መድኃኒት በፍጹም እንዳይገባ፤ ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ከሞቱ ሥራው ቆመ። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ካለች የሷን እበት ለተወሰኑ ቀናት ለብቻ አስቀምጡት። ሽንት ቤት ከማብላያው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ በብሩሽና በውሃ ብቻ ነው የሚጸዳው።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መመገብ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመጣል ይሻላል። ሙቀትም ወሳኝ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ይመቻቸዋል፣ ከ15 በታች ሲሆን በጣም ይዘገያሉ። ስለዚ በብርድ ወራት ጋዝ ቢቀንስ አትደንግጡ፣ ጠዋት በበረዷማ ውሃ ከመቀላቀል እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ተጠቀሙ።

የመጀመሪያው ጋዝ

ማብላያው ከተሞላ በኋላ ጋዝ እስኪመጣ በሙቅ ቦታ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር፣ በብርድ ቦታ ከዛም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው ጋዝ አብዛኛው ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም፣ በዛ ላይ ውስጥ የቀረ አየር ስለተቀላቀለበት አደገኛ ነው። ጎማውን ከምድጃው ንቀሉትና ጫፉን ደጅ አውጥታችሁ ልቀቁት፣ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም አይኑር። እንደገና ሲሞላ ጎማውን መልሳችሁ ምድጃው ላይ ብቻ ሞክሩ። ክብሪት ጭራችሁ በቧንቧው ጫፍ ወይ በማብላያው አፍ ላይ መሞከር የለም፣ እሳቱ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቧንቧው ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ እዛ ጋር ያፈሳል ማለት ነው።

ምድጃውን ማቀጣጠል

መስኮት ክፈቱ። ዋናውን ቫልቭ (የጋዙን መክፈቻና መዝጊያ) ክፈቱ፣ የምድጃው ግን እንደተዘጋ ይሁን። ድስቱ ተዘጋጅቶ አጠገባችሁ ይቀመጥ። መጀመሪያ ክብሪቱን ጭሩ፣ ወደ ምድጃው አስጠጉ፣ ከዛ የምድጃውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፣ ጋዝ ቀድሞ ከተለቀቀ ተጠራቅሞ ቦግ ሲል ፊትና እጅ ያቃጥላል።

አሁን እሳቱን በደንብ እዩት፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋር ነው። ከምድጃው አንገት ላይ፣ ጋዙ ከሚገባበት ኖዝል አጠገብ፣ የሚዞር ወይ የሚንሸራተት የአየር መግቢያ አለ። ሲቀጣጠል ጠበብ ይበል፣ ከዛ ቀስ በቀስ ክፈቱት። ጥሩ እሳት ሰማያዊ ነው፣ በየቀዳዳው ላይ አጭር ሹል ሆኖ ይቀመጣል፣ ድምፁም ዝግ ያለ እሽታ ነው። ረዘም ብሎ ቢጫ ከሆነና ከተወዛወዘ አየር አንሶታል፣ ድስት የሚያጠቁረው ይሄ ነው፣ መግቢያውን ጨምሩለት። ከቀዳዳው ተነስቶ አየር ላይ ከተንሳፈፈና ልጥፋ ልጥፋ ካለ ደግሞ ወይ አየሩ በዝቷል ወይ ግፊቱ፣ ስለዚ አየሩን ጠበብ ወይ ቫልቩን ቀነስ። አንዳንዱ ቀዳዳ ጭራሽ ካልነደደ ገንፍሎ የፈሰሰ ምግብ ደፍኖታል፣ ምድጃው ሲበርድ በመርፌ ወይ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት።

የቡታጋዝ ምድጃ እንዳለ ለባዮጋዝ አይሆንም። ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደው ሚቴን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው አብዛኛው ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሆነ ሰፋ ያለ ኖዝል ይፈልጋል። ለባዮጋዝ የተሠራውን ግዙ፣ የሱን ኖዝል ደግሞ እሳት ይጨምርልኛል ብላችሁ አትብሱት፣ አየርና ጋዙ ይዛነፋል።

ለቁጠባ ብላችሁ እሳቱ ከድስቱ ጎን እንዳይወጣ አድርጉ፣ ክዳን ተጠቀሙ፣ ከፈላ በኋላ ቀንሱት፣ ጥራጥሬ ከሆነ ከማታው ዘፍዝፉት። በዚህ ብቻ የሚተርፈው ጋዝ ትንሽ አይደለም።

እሳቱ ሲዘልል

እሳቱ እፍ እፍ እያለ ከፍ ዝቅ ካለ ቧንቧው ውስጥ ውሃ አለ። ጋዙ ከማብላያው የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ዝቅተኛው ቦታ ላይ የውሃ ማስወጫ የሚገጠመው። በሳምንት አንዴ ክፈቱት፣ ውሃው ወጥቶ ጋዝ መንፋት ሲጀምር ወዲያው ዝጉት። እሳት አጠገቡ አይኑር።

የግፊት መለኪያውንም ከማብሰል በፊት ማየት ልመዱ። ከፍ ካለ ብዙ ሰዓት የሚፈልገውን ምግብ ያኔ ጣዱ፣ ካነሰ ቀለል ያለውን። ጋዝ ተረፈ ብሎ ዝም ብሎ አየር ላይ መልቀቅ ግን አይገባም፣ ሚቴን ከካርቦንዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው፣ ውሃ አፍሉበት።

መብራቱ

ማንትል የሚባለውን የጨርቅ መረብ መብራቱ ጭንቅላት ላይ እኩል ዘርግታችሁ እሰሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ጨርቁ ይነድና ነጭ አመድ ሆኖ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ብርሃኑን የሚሰጠው ያ ነው። ከዛ በኋላ በእጅ ከነካችሁት ይፈረፍራል። አንዳንዱ ማንትል ቶሪየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ስላለበት ሲሰበር ዱቄቱን ወደ ውስጥ አትተንፍሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ። እዚህም ክብሪት ይቀድማል፣ ጋዝ ይከተላል። አየሩንና ጋዙን እያስተካከላችሁ የእሳት ምላስ ጠፍቶ ማንትሉ ብቻ ነጭ ሆኖ ሲግል ልክ ነው። ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ ከጣሪያና ከመጋረጃ አርቃችሁ ስቀሉት።

ማታ ስትተኙ ዋናውን ቫልቭ ዝጉ። ቤት ውስጥ የገማ እንቁላል ሽታ ከመጣ ክብሪት የለም፣ ማብሪያ ማጥፊያም አትንኩ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ቫልቩን ዝጉና ውጡ። የላስቲክ ጎማውን በየጊዜው አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፣ መሰንጠቅ ከጀመረ ቀይሩት። ማብላያው ውስጥ ደግሞ ማንም ሰው ለማንኛውም ምክንያት አይግባ፣ ባዶ ቢመስልም። ውስጡ ኦክስጅን የለም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው የገማ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ ሲበዛ ደግሞ ማሽተት ራሱን ያደነዝዛል፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይሞታል።

ከማስወጫው የሚወጣውን ዝቃጭ አትድፉት፣ ማዳበሪያ ነው። ዝቃጩ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ልጅ ወይ ከብት እንዳይገባበት ክደኑት፣ ዝቃጩን በቀጥታ ወደ ማሳ ውሰዱት ወይ ከደረቅ ቅጠልና ገለባ ጋር እያነባበራችሁ ጥላ ሥር ኮምፖስት አድርጉት፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ ይተናል።