የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ብዙም ትዝ አይለንም። ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ነው የምንነካው። ያኔ ለብ ያለ ንፋስ ከመጣ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል፣ አስሞላው»። ኧረ ቆይ! የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከቀነሰ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ሳይደፈን ከተሞላ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚለካውን ባለ ሰማያዊና ቀይ ሰዓት መሣሪያ) ከማውጣታችሁ በፊት ገንዘብ የማያስወጣውን ምርመራ ጨርሱ። ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን መጨረሻ ቅዝቃዜ ላይ አድርጉ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረውን ፓምፕ) እዩ። ፊቱ ላይ ያለው ክላች «ቀጭ» ብሎ ይዞ ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሊ ጋር መዞር አለበት (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ክላች የለም)። ካልያዘ ፊውዝና ሪሌውን ፈትሹ። ጋዙ በጣም ካነሰም የግፊት ስዊቹ እንዳይነሳ ይከለክለዋል። ከያዘ ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን) ተመልከቱ። ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ ዳር አስፋልት ያልደረሰው ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነው ልታገኙት ትችላላችሁ። ቀስ ባለ ውሃ እጠቡት፤ የላቫጆ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ፋኑ መዞሩን፣ የካቢን ፊልተሩ (ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው) አለመደፈኑን እዩ።

አሁን ፍሳሹን ፈልጉ። ጋዙ ሲያመልጥ ትንሽ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ የሰፈራችን አቧራ ይጣበቃል። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ጥቁርና የሚያጣብቅ እድፍ ካያችሁ እዚያ ላይ አቁሙ። ላርጎ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ ቀስ እያለ የሚያድግ አረፋ ካለ አገኛችሁት። የመሙያውን ቫልቭ ክዳን ከፍታችሁ እዚያም ቀቡ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያቺ ትንሽ ቫልቭ ናት። «ቀዳዳ ይደፍናል» እየተባለ የሚሸጠውን ፈሳሽ ግን አልመክርም፣ ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍበትን ኤክስፓንሽን ቫልቭም ሊደፍነው ይችላል።

ኮፈኑ ስር ያለው ተለጣፊ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና በግራም መጠኑን ይነግራችኋል። አብዛኛው መኪና አር-134ኤ ነው፣ አዳዲሶቹ ላይ አር-1234ዋይኤፍ አለ፤ አይቀላቀሉም። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ባለቤቶች ደግሞ እዚህ ላይ አቁሙ። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ዘይቱም የተለየ ነው። ለባለሙያ ተዉት።

ጌጁ ሲታሰር ሰማያዊው ወፍራሙ ቱቦ ላይ፣ ቀዩ ቀጭኑ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቆይቶ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሁለቱም ወደ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ካሳዩ ውስጡ ጋዝ አለ ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊው ከ25 እስከ 40፣ ቀዩ ከ150 እስከ 200 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዙ በዝቷል ወይም ኮንደንሰሩ አልቀዘቀዘም። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፣ ጋዝ አያድነውም።

ሲስተሙ ባዶ ከሆነ፣ ፍሳሹ ከተሠራ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ 30 ደቂቃ አየርና እርጥበቱን ምጠጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። መመሪያዎቹ የሰማያዊው ሰዓት መርፌ 29 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) አካባቢ ይድረስ ይላሉ፣ እሱ ግን ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ስለሆነ መርፌው 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም፣ አትለውጡት! ቫልቮቹን ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መርፌው ከተነቃነቀ ገና ፍሳሽ ወይም እርጥበት አለ።

ሲስተሙ ውስጥ የተረፈ ጋዝ ካለ ግን ወደ አየር አትልቀቁት። አር-134ኤ አየር በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይብሳል። ጋዝ መሳቢያ ማሽን ያለው ጋራዥ ይሳበው።

መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ወይም ከዚያም ዝቅ ብሎ ስለሚፈላ ቆዳ ያቆስላል። የጋዙን ጣሳ ቀጥ አድርጋችሁ በኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ከጣሳው ወደ ጌጁ የሚሄደውን ቢጫ ቱቦ ጌጁ ጋ ላላ አድርጋችሁ አየሩን ለአንድ ሰከንድ አስወጡ። የሰማያዊውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መግባቱ ሲያቆም አስነስታችሁ። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን ቫልቭ በፍጹም አትክፈቱ፣ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ጣሳው ቀዝቅዞ ከዘገየ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ አድርቃችሁ መዝኑ፤ እሳት አታስጠጉት። ወረቀቱ ያለው ግራም ሲደርስ ዝጉ። «ትንሽ ልጨምርለት» አይሠራም፣ የበዛ ጋዝ ቅዝቃዜውን ይቀንሰዋል።

ከዚያ በኋላ በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለ10 ደቂቃ አብሩት። ኮምፕሬሰሩ ካልዞረ ዘይቱ የዘንጉን ጎማ አያረጥበውም፣ የደረቀ ጎማ ደግሞ ጋዝ ያሳልፋል። በዝናብ ጊዜ የመስታወቱንም ጉም ይጠርግላችኋል።