የጋዝ መኪና ሲቃጠል እንዴት እንቅረብ፦ ለጂማ እሳት አደጋ ልጆች

ልጆች ይሄን የምጽፈው ጂማና ዙሪያዋ እሳት አደጋ ላይ ለምትሠሩ ነው፣ ለበጎ ፈቃደኞችም ጭምር። እስከዛሬ የለመድነው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ነው፣ ደረስን፣ ሆዝ ዘረጋን፣ ሞተሩ ላይ ውሃ ለቀቅን፣ አለቀ። አሁን ግን ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻው መስከረም 2018 ተመርቋል፣ ከዛ ወዲህ በጋዝ ስለሚሄድ ከባድ መኪና የማይወራበት ቀን የለም፣ ጊቤን ወርዶ ወጥቶ ወደኛ በሚመጣው መንገድ ላይ አንድ ቀን አንዱ ሲቃጠል መገናኘታችን አይቀርም። ያን ቀን የለመድነውን ብቻ ከሠራን ሰው እንጎዳለን።

መጀመሪያ ምን ተሸክሞ እንደመጣ እንወቅ። ሲኤንጂ ማለት የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ሲሊንደሩ ሲሞላ ከ200 እስከ 250 ባር ግፊት ይይዛል። የሲኖ ጎማ የሚይዘው 8 ባር አካባቢ ነው፣ እሱ እንኳን ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል፣ እንግዲህ የዛን 25 እጥፍ አስቡት። ወሬ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ የካቲት 2016 ላይ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ዊልሚንግተን የሚባል ሰፈር የከባድ መኪና እሳት ሊያጠፉ የሄዱ 9 እሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ የሲኤንጂ ሲሊንደር ፈንድቶባቸው ተጎድተዋል። ልምድና መሣሪያ አጥተው አይደለም።

ስትደርሱ መኪናውን ከሩቅ ቆማችሁ እዩ። ሾልኮ ለመሮጥ እግር ይበላል አውቃለሁ፣ ግን 30 ሜትር ላይ ቆም በሉና ሹፌሩን ፈልጉ። አራት ነገር ጠይቁት፦ ሰው ውስጥ አለ ወይ፣ ነዳጁ ምንድነው፣ ሲሊንደሩ የት ነው፣ መዝጊያው የት ነው። ሹፌሩ ከሌለ ከኋላ ወይም ከጎን የተለጠፈ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ፈልጉ፣ ግን ምልክት የለም ማለት ጋዝ የለም ማለት አይደለም፣ ተቃጥሎም ተልጦም ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሮቹ ከባድ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከጋቢናው ጀርባ ተደርድረው ወይም ሻንሲው ጎን ነው የሚታሰሩት፣ አውቶቡስ ላይ ጣራው ላይ ናቸው፣ የቤት መኪና ላይ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ።

አሁን ዋናው ነገር። ባለፈው ከከተማ መውጫ ላይ የቆመ የጋዝ መኪና አገኘሁና ሹፌሩን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ሲሊንደሩን ላየው እችላለሁ ወይ አልኳቸው። "ና ልጄ፣ እጅህን አስገባ" ብለው ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ሽፋን ከፈቱልኝ። ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ከቫልቩ አጠገብ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ነሐስ አለች፣ ከሷ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይሄዳል። ይቺ ነች ሕይወታችን። ሙቀቱ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውስጧ ያለው ማዕድን ይቀልጥና ጋዙን በቱቦው ታስወጣዋለች፣ ሲሊንደሩ ሳይፈነዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ስትከፈት ጩኸቷ እንደ ጄት ነው፣ እሳቱም ብዙ ሜትር ሊወረወር ይችላል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ግን እሷ ሥራዋን እየሠራች ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሲሊንደሩ በእሳት ተከቦ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር ነው።

ለዚህ ነው ውሃችሁን እቺ ነሐስ ላይ አታድርጉ የምለው። እሷን ስታቀዘቅዟት አትከፈትም፣ በሌላ በኩል ደግሞ እሳቱ የሲሊንደሩን ወገብ እየበላው ነው። በተለይ አሁን የሚመጡት ቀላል ሲሊንደሮች በካርቦን ክር የተጠቀለሉ ናቸው፣ እንደ ብረት ሙቀት አያስተላልፉም፣ ስለዚህ አንዱ ቦታ ሲነድ ጫፉ ላይ ያለችው ነሐስ ላታውቀው ትችላለች፣ ክሩ ተቃጥሎ ግፊቱን መሸከም ያቅተውና ይፈነዳል። የጎማ እሳት አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ነው፣ ጊቤን ሲወርድ ፍሬን ሸራው ይግላል ወይም ኩሽኔታ ይይዝና ጎማው ይቀጣጠላል፣ ከጎማው ጀርባ ያለው ሲሊንደር አንድ ጎኑን ብቻ ይጠበሳል። እሳቱ ገና ጎማ ላይ ከሆነና ሲሊንደሩን ካልነካ ቶሎ በብዙ ውሃ ምቱት፣ እዛ ላይ ፍጥነት ያዋጣል። ሲሊንደሩን ከያዘውና ውስጥ ሰው ከሌለ ግን መኪናው ይቃጠል በቃ፣ ወደ ኋላ ውጡ፣ ከሩቅ ሆናችሁ አጠገቡ ያለውን ቤትና መኪና ጠብቁ። የመኪናው ባለቤት እያለቀሰ ይለምናችኋል፣ ከባድ ነው፣ ግን ንብረት ነው።

የሚነድ ጋዝ ስታዩ መዝጊያውን መዝጋት ካልቻላችሁ ነበልባሉን አታጥፉት። ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ አየር ላይ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ አንድ ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ቶሎ ይበተናል፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣራ ስር ከሆነ ግን ጣራው ስር ይጠራቀማል። የቡታጋዙ ኤልፒጂ ተቃራኒ ነው፣ ይከብዳል፣ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ።

ስትቀርቡ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ከማዕዘን በሰያፍ ግቡ። የሲሊንደሩ ጫፎች ትይዩና የማስወጫው ቱቦ አፍ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ሲፈነዳ በጫፉ በኩል የመወርወር ነገር አለው። ሙሉ ልብስ፣ ኤር ማስክ፣ ያለሱ አንድም ሰው አይግባ። የእሳት አደጋ መኪናችንንም አፍንጫው ስር አታቁሙት።

ሰውን ማራቅ ደግሞ ጂማ ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ባጃጁም ይቆማል፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውም ይከባል። አንድ ሰው ለዚህ ብቻ መድቡ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ቢያንስ 100 ሜትር ይግፋቸው፣ "ዱበቲ ዴቢኣ" (ወደ ኋላ ተመለሱ) ብሎ በኦሮምኛም ይጩህ፣ በአማርኛ ብቻ ግማሹ አይሰማም።

ኤልኤንጂ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ጎኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ትልቅ በርሜል ታያላችሁ። ሽታ የለውም፣ ሲኤንጂ ላይ የሚጨመረው ሽታ እዚህ የለም፣ ስለዚህ በአፍንጫ አትተማመኑ። መሬት ላይ ከፈሰሰ ውሃ አታፍስሱበት፣ ውሃው ያሞቀውና በአንዴ ይተናል፣ ከ600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ማስወጫው ላይም ውሃ አይነካው፣ በረዶ ይሆንና ይደፈናል። ነጩ ጉም የቀዘቀዘ የአየር እርጥበት ነው፣ ጋዙ ከጉሙ አልፎ ሊኖር ስለሚችል ጉሙ ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ በቁልፉ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ታኮ ይግባበት፣ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋ። ጋዝ መለኪያ ካላችሁ ዙሪያውን በተለይ ከላይ በኩል ለኩ፣ ካረጋገጣችሁ በኋላ ባትሪው ይነቀል። የጠቆረ ወይም የተላጠ ሲሊንደር ውስጡ ገና ግፊት ሊኖረው ይችላል፣ አትምቱት፣ አትፍቱት፣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ አይግባ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቁም። በኖራ ወይም በቀለም ትልቅ አድርጋችሁ "ተቃጥሏል አይሞላ" ብላችሁ ጻፉበትና ለባለቤቱም ለረዳቱም በቃል ንገሩ፣ ጠግኖ መልሶ ሊያስሞላው የሚሞክር ሰው አይጠፋም።