ጠጥቶ የነዳ ሰው ሲገጭዎ፦ ካሳዎን የሚያስቀሩ ስህተቶች

አጎቴን የገጨው ልጅ ሰክሮ ነበር። ቅዳሜ ማታ ነው፤ አጎቴ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን የልጁ ወንድም ሆስፒታል መጣ። በአንድ እጁ ብርቱካን የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ፖስታ ይዟል። ሁለት ሽማግሌዎችም ተከትለውታል። «ልጅ ነው፣ ይማሩት፣ እንጀራው እንዳይዘጋ» አሉ። ፖስታው ውስጥ 20,000 ብር ነበር፤ ከብሩ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት። የወረቀቱ መጨረሻ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይላል። አጎቴ በግራ እጁ ፈረመ። ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሙ «እግርህ እንደገና መከፈት አለበት» አለው። ወረቀቱን ይዘን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ ቁስሉ ሳይደርቅ መፈረም። ሽምግልናን አልጠላም። ግን የእርቅ ስምምነት ሲፈረም በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ይላል። በኋላ ማፍረስ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ሳያልቅና የሐኪሞች ቦርድ ቋሚ ጉዳት መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ስንት በመቶ እንደሆነ ሳይወስን የመጨረሻ ስምምነት አይፈርሙ። ለመድኃኒት ገንዘብ ቸገረዎት? ይቀበሉ፣ ማንም አይወቅስዎትም። ወረቀቱ ላይ ግን «ለሕክምና የተሰጠ፣ ቀሪ ካሳ የመጠየቅ መብቴን የማይነካ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን መጻፍ እምቢ ካሉ፣ ለምን እንደመጡ አወቁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ስካሩ እስኪረጋገጥ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። «መጠጣቱን ካላስረዳሁ ምን ብዬ እከሳለሁ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሕጉ ግን ሌላ ነገር ይላል። በቁጥር 2081 መሠረት መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። በዚህ ቁጥር የሚያመልጠው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር አልጠጣም፣ ባለቤቱ ላይ ያለዎት ጥያቄ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ታዲያ ስካሩ ምን ያደርጋል? «ድንገት ገባብኝ» ለሚለው ሰው መልስ ይሆናል። አደጋው ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ጥፋት ነው ከተባለ ካሳው ይቀራል፤ በከፊል ጥፋተኛ ከተባሉ ደግሞ ይቀነሳል። ሹፌሩ ይህን ታሪክ የሚናገረው እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ የሚነሳውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ አንድ ሰው ይላክ። የትንፋሽ ወይም የደም ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቅ፤ አልኮል በየሰዓቱ ከደም እየጠፋ ስለሚሄድ ነገ ማለት አያዋጣም። የሸተታቸው፣ ሲንገዳገድ ያዩት፣ ከየት ግሮሰሪ እንደወጣ የሚያውቁ ምስክሮች ስምና ስልክ በዚያው ሌሊት ይያዝ። ሱቅ ውስጥ ያለ ካሜራ ካለ ቀረጻው ሳይጠፋ ለፖሊስ ያሳውቅ።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ሹፌሩን ብቻ መክሰስ ነው። ልጁ ምን አለው? ደመወዝ የለውም፣ ቤት የለውም፤ ቢፈረድልዎ ፍርዱን አቅፎ መቀመጥ ነው። ታርጋውን ይዘው ሊብሬው በማን ስም እንዳለ ያጣሩ። በእኛ አገር መኪና በውክልና ተሸጦ ስም ሳይዛወር ሲነዳ የሚከርምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በስሙ ያለውንም በእጁ ያለውንም ለጠበቃዎ ይንገሩ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የየትኛው ድርጅት እንደሆነም ይጻፉ። «ሰክሮ ስለነዳ አንከፍልም» የሚል መልስ ካገኙ፣ በጽሑፍ ስጡኝ ይበሉ እንጂ በቃል ተቀብለው አይመለሱ። መኪናው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ፖሊስ ዘንድ ያልተመዘገበ አደጋ ግን እዚያ አያስኬድም።

በነገራችን ላይ የኢንሹራንሱ ክፍያ ጣሪያ አለው። በ2005 ዓ.ም. አዋጅ 799 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ከ40,000 ብር አይበልጥም ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ በላይ የደረሰብዎትን ከባለቤቱና ከሹፌሩ ነው የሚጠይቁት። «ኢንሹራንስ ከፈለኝ፣ አለቀ» ማለት ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ሌላው ሰው የማያምነኝ ነገር፦ የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። አንድ ሺህ፤ ትየባ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ላይ አለ። ስንት ሌሊት እንዳለቀሱ የሚተርክ አምስት ገጽ አቤቱታ አይቻለሁ፤ የታክሲ፣ የመድኃኒት፣ የራጅ ደረሰኝ ግን አንድም አልተያያዘም። ብሩ ያለው እዚያ ነው። ከዚያም የሚበልጠው የቀረብዎት ገቢና ወደፊት የሚቀርብዎት ነው። የደመወዝ ወረቀት የለዎትም? ጉልት ነጋዴም ገቢ አላት። ደንበኛ፣ ጎረቤት፣ ዕቃ የሚያቀርብላት ሰው ይመሰክራል፤ ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት፣ ይወስናል።

የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ መጠበቅም ብዙ ሰው ጎድቷል። ይርጋው፣ ማለትም ካሳ ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ እኔ ግን በዚህ ተማምነው እንዲያሳድሩት አልመክርም። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የካሳው ዳኛ በዚያ አይታሰርም።

የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብለው ከቀሩ ደግሞ፣ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። አቅም እንደሌለዎት የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ከፈቀደ ሳይከፍሉ መዝገቡ ይከፈታል።