ጉልበተኛ የድሮ መኪና ላይ ኦቨርድራይቭ ካምቢዮ ለምትገጥሙ

እንደ 1970 ሼቬል ኤስኤስ 454 ያለ መኪና ላይ ኦቨርድራይቭ (በረጅም መንገድ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ከፍተኛ ማርሽ) ያለው ካምቢዮ ልትገጥሙ ካሰባችሁ፣ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ቶርኩን፣ ማለትም የማዞር ኃይሉን እዩ። ካምቢዮ የሚሰብረው እሱ ነው። የዚያ መኪና ኤልኤስ6 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 500 ፓውንድ-ፊት ቶርክ ነበረው።

ብዙ ሰው የሚሮጠው 700አር4 ወደሚባለው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ዋጋው ረከስ ይላል፣ እንደ ልብም ይገኛል። ግን ሳይጠናከር ለዚህ ሞተር አትመኑት። ከካርቡሬተሩ የሚመጣውና የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የሚቆጣጠረው የቲቪ ኬብል ትንሽ ከላላ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፤ የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖች ተንሸራተው ይቃጠላሉ።

እኔ ብሆን 4ኤል80ኢ የሚባለውን አውቶማቲክ ነው የምመርጠው። በ1991 የመጣ፣ ቱርቦ 400 በሚባለው ጠንካራ የድሮ ካምቢዮ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። የ4ኛ ማርሹ ሬሾ 0.75 ነው። በ3ኛ 3,000 ዙር ላይ የነበረ ሞተር በዚያው ፍጥነት 4ኛ ሲገባ ወደ 2,250 ይወርዳል። ረጅም መንገድ ላይ ጆሯችሁም ኪሳችሁም ያርፋል። ጣጣው የራሱ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ደግሞም ግዙፍ ነው። ከወለሉ ላሜራ ጋር ትንሽ መዶሻ ሊያማዝዛችሁ ይችላል። ለብቻው የዘይት ማቀዝቀዣም ግጠሙለት፤ እዚህ ላይ አትሰስቱ።

ማርሽ በእጅ መቀየር ለምትወዱ ባለ 5 ማርሹ ትሬሜክ ቲኬኤክስ አለ፤ እስከ 600 ፓውንድ-ፊት ይችላል። ከድሮ ሙስታንግ የወጣ ቲ5 የሚባል የእጅ ካምቢዮ በርካሽ ቢመጣላችሁ እለፉት፤ ይህን ያህል ቶርክ አይችልም።

ብቻ ከማዘዛችሁ በፊት የዲፈረንሻሉን ሬሾ እዩ። 2.73 ከሆነ ሞተሩ በኦቨርድራይቭ ያቃስታል፤ 3.73 አካባቢ ከሆነ ግን ልክ ነው።