ለሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ የሒሳብ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

«ቤት ስሰራው ገብቶኝ ነበር፣ ፈተናው ላይ ጠፋብኝ።» ሒሳብ የሚከብዳቸው ተማሪዎች ደጋግመው የሚናገሩት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም። ቤት ውስጥ የተደረገው መልሱን ከፍቶ ማንበብ ነበር። ሌላ ሰው የሰራውን ጥያቄ ሲያነቡት ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ባዶ ወረቀት ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያው መስመር እንኳ አልመጣ ይላል። እንግዲህ ዝግጅታችሁ በሙሉ ባዶ ወረቀት ላይ ይሁን።

ሁለት ወር ያህል ሲቀራችሁ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ፈልጉ። ምንም ሳታጠኑ፣ ደብተር ሳትገልጡ ስሩት። ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ለዚሁ ነው የተሰራው። ከዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ርዕሱን ጻፉ፦ አልጀብራ፣ ፈንክሽን፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ሎጋሪዝም፣ ካልኩለስ፣ ፕሮባቢሊቲ። ቀጥሎ ጥያቄዎቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ የጨረስኩት፣ ጀምሬ ያቆምኩት፣ ከየት እንደምጀምር ያላወቅኩት።

ጥናቱን ከመሃለኛው ክፍል ጀምሩ። ብዙ ተማሪ በጣም የከበደውን ርዕስ ይዞ ይጀምርና በሳምንቱ ተስፋ ይቆርጣል። ጀምራችሁ ያቆማችሁት ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ቶሎ ይስተካከላል፣ ነጥብም ያመጣል፣ ልብም ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ካልኩለስ አይገባኝም» የሚል ተማሪ ወረቀቱ ሲታይ ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቶ ክፍልፋዩን ሲያቃልል ወይም ቅንፍ ሲፈታ የተሳሳተ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት እና ፋክተር ማድረግን መከለስ የሚያሳፍር አይደለም። ከዚህ በላይ የሚጠቅም ሦስት ቀን አላውቅም።

ዕለታዊው ጥናት እንዲህ ይሁን። አንድ የተሰራ ምሳሌ አንዴ አንብቡ። መጽሐፉን ክደኑና ራሳችሁ ከመጀመሪያው ስሩት። ከተጣበቃችሁ ቶሎ አትክፈቱ፣ 15 ደቂቃ ታገሉት። ካልሆነ ቀጣዩን አንድ መስመር ብቻ አይታችሁ መልሳችሁ ክደኑ። መልሱን አይታችሁ የጨረሳችሁትን ጥያቄ «ሰራሁት» አትበሉ። በማግስቱ ከባዶ ድገሙት፣ ከዚያ ከአራት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ የተማርነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። የማግስቱ ድግግሞሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፎርሙላ መሸምደድ ያደክማል። ከተቻለ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን አውጡ። የሳይን ስኩዌር እና የኮሳይን ስኩዌር ድምር 1 መሆኑን ካወቃችሁ ሁሉንም በኮሳይን ስኩዌር አካፍሉት። ታንጀንት ስኩዌር ሲደመር 1 እኩል ይሆናል ሴካንት ስኩዌር የሚለው ራሱ ይወጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደማምንበት ነገር ልምጣ፤ የስህተት ደብተር። አንድ ትንሽ ደብተር ለስህተቶቻችሁ ብቻ መድቡ። «ሳላስተውል ነው» ብላችሁ አትለፉ፣ እሱ ምንም አያስተምርም። ምን እንዳደረጋችሁ በትክክል ጻፉ። ለምሳሌ፦

(ሀ + ለ)² ን ሀ² + ለ² ብዬ ጻፍኩ። በ3 እና በ4 ስሞክረው ትክክለኛው 49 ነው፣ የእኔ ግን 25 ሆነ። መሃል ላይ ያለውን 2ሀለ ረስቻለሁ።

ሀ² = 5ሀ የሚለውን በሁለቱም በኩል ለሀ አካፍዬ 5 ብቻ አገኘሁ። 0 ም መልስ ነበር። ሁሉን ወደ አንድ ወገን አምጥቼ ፋክተር ማድረግ ነበረብኝ።

−2ሀ > 6 ላይ በ−2 ሳካፍል ምልክቱን አልገለበጥኩም። ትክክለኛው ሀ < −3 ነው።

√(ሀ + 6) = ሀ ን ፈትቼ 3 እና −2 አገኘሁና ሁለቱንም ጻፍኩ። −2 ን መልሼ ብከት ኖሮ በግራ በኩል 2፣ በቀኝ በኩል −2 መሆኑን አይ ነበር። መልሱ 3 ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከጻፋችሁ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ስህተቶቻችሁ ብዙ ዓይነት አይደሉም። አምስት ስድስቱ ናቸው እየተመላለሱ ነጥብ የሚወስዱት።

ርዕሶቹን አንድ በአንድ ከጨረሳችሁ በኋላ ቀላቅሉ። ሃያ የኳድራቲክ ጥያቄ በተከታታይ ስትሰሩ ገና ጥያቄውን ሳታነቡ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ፈተና ላይ ግን «ይሄ የየትኛው ርዕስ ነው?» የሚለውን የሚነግራችሁ የለም። ከአራት ርዕስ ሁለት ሁለት ጥያቄ አውጥታችሁ አደባልቃችሁ ስሩ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የሰዓት ናቸው። ስልክ አርቁና ሙሉ ፈተና በአንድ ቁጭታ ስሩ። ፈተናው 3 ሰዓት ከሆነና ከ100 የሚታረም ከሆነ፣ 20 ደቂቃ ለማረሚያ ስታስቀሩ ለአንድ ነጥብ 1.6 ደቂቃ ይደርሳችኋል። የ10 ነጥብ ጥያቄ ከ16 ደቂቃ በላይ ከያዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። ይህን ማለፍ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፣ እልህ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ጥሏል።

በዋዜማው አዲስ ነገር አትጀምሩ። የስህተት ደብተሩን አንብቡና በጊዜ ተኙ። ካልኩሌተር የሚፈቀድ ከሆነ ጠዋት ሳይን 30 ን አስገቡ። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው፣ −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው።

ፈተናው ላይ መጀመሪያ ሁሉንም ጥያቄ በዓይናችሁ ቃኙና ከምታውቁት ጀምሩ። እርምጃችሁን በግልጽ ጻፉ፣ መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለመንገዱ ነጥብ የሚሰጥበት ፈተና ብዙ ነው። ምርጫ ከሆነና መፍታቱ ካስቸገራችሁ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እኩልታው ውስጥ ከትታችሁ ሞክሩ። በቀሩት 20 ደቂቃዎች ደግሞ ያገኛችሁትን መልስ ወደ ጥያቄው መልሳችሁ ክተቱት። የሰራችሁትን መስመር እንደገና በማንበብ ብቻ አትርሙ፣ ዓይን የራሱን ስህተት ቶሎ አያይም።